ማክሰኞ ያልነገርናት

ትናንት ባጃጁ ውስጥ ትቼሽ በመውረዴ ተቀይመሽኛል አሉ። አልፈርድብሽም። ሁለት ሆነን ከገበያ ስንመለስ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ማንጎ ጭንሽ ላይ አስቀምጬ፣ መንገድ አጋማሽ ላይ "ወራጅ አለ" ብዬ ዘልዬ ስወርድ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ነካት ማለትሽ አይቀርም። የነካኝ የሾፌሩ ስልክ ነው። ልጁ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሞባይሉን እንደ ድሮው የመስመር ስልክ እንዲጮህ አድርጎታል፤ ያ ረጅም የብረት ቃጭል፣ ጮኾ ዝም የሚል፣ ትንፋሽ ወስዶ እንደገና የሚጮህ። ሾፌሩ ደግሞ አላነሳውም፤ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ያንጎራጉራል። ሦስቱን ጊዜ ቻልኩት። አራተኛው ላይ ወረድኩ።

የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከየአጥሩ ሥር የወደቀው ማንጎ መፍላት ጀምሮ ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል፤ ፀሐይዋም ከደመና ወጥታ ቆርቆሮውን ሁሉ ታበራዋለች። ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር፣ ወሩም ይኸው ነበር። እስካሁን ለማንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ነግሬው አላውቅም፤ ባሌ እንኳ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ለአንቺ ልንገርሽ፤ ከሰማሽ በኋላ ብትቀየሚኝ የተገባ ቅያሜ ይሆናል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው፤ የተወለድኩባት መንደር ስም የላትም፣ ቁጥር ነው ያላት። ከዚያች ቁጥር ወጥቼ አሶሳ ከተማ ገባሁና መምህርነት መማር ጀመርኩ። ገጣሚዋን ያወቅኋት እዚያ ነው። እንግሊዛዊት ናት፤ እንግሊዝኛ ልታስተምረን ለሁለት ዓመት የመጣች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለች፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ሴት ነበረች። ሽበት የጀመረውን ፀጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ትወጋዋለች። ስታስተምር ሐሳብ ሲመጣባት እርሳሱን ትመዘዋለች፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ይፈሳል፣ እኛ እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች።

የኮሌጃችን ዲን በሰልፍ ላይ ሲያስተዋውቃት "ታላቅ ባለቅኔ" አለን። ዲኑ የጎጃም ሰው ነው፤ እሱ ባለቅኔ ሲል ቀላል ነገር አይደለም። እኛም ሰምና ወርቅ ጠበቅን፤ ቢያንስ አገር የሚያወድስ፣ ጀግና የሚያነሳ ነገር። እሷ በመጀመሪያው ቀን ያነበበችልን ግጥም ስለ እርጥብ ካልሲ ነበር፤ ምድጃ አጠገብ ስለተሰጣ የልጅ ካልሲ። ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛችን "ቤት እንኳ አይመታም እኮ" አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። "ልክ ነው፣ አይመታም። እናቴም መጀመሪያ እንዲሁ ብላኛለች" አለች።

እናቷን ያኔ ነው የሰማናቸው። ከዚያ በኋላማ ከገዛ አክስቶቻችን በላይ አወቅናቸው። ገጣሚዋ ያደገችው ነፋስ የማይለየው የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ነው። አባቷ ዓሣ የሚራገፍበት ወደብ ላይ ሲሠራ ኖሮ በወጣትነቱ ሞተ። እናቷ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ ራሳቸው ግን በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው ከትምህርት የወጡት። ተማሪው ከወጣ በኋላ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ሰሌዳ ያጠፋሉ። ታዲያ ሳያነቡ አያጠፉም። መጥረጊያቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፣ ከዚያ እርጥቡን ጨርቅ ያነሳሉ። ታሪኩንም፣ ሒሳቡንም፣ የየአገሩን ዋና ከተማም የተማሩት እንዲሁ ነው፤ ሊያጠፉት ሲሉ። ልጅቷ ጥግ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። "እኔን ገጣሚ ያደረገኝ እሱ ነው። ቃል ሊጠፋ ሲል እንዴት እንደሚነበብ አይቻለሁ" አለችን አንድ ቀን። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

አራት መጻሕፍት ነበሯት፣ ከፓስፖርት እምብዛም የማይወፍሩ። ሁሉም ስለ ትንንሽ ነገር ናቸው፤ ስለ ካልሲ፣ ስለ አውቶቡስ መጠበቂያ፣ በዝናብ ስለ ቆመ ብስክሌት። አምስተኛውን የምትጽፈው እዚሁ አሶሳ ነበር፣ ስለ እናቷ። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ትጽፋለች፤ ከምትጽፈው የምትሰርዘው ይበዛል። አንዲት ግጥም ሦስት ወር ትወስድባታለች። እኔ በአንድ ቁጭታ አሥራ ሁለት ስንኝ የምደረድር ሰው ስለነበርኩ፣ ምን ነካት፣ ችሎታው አነሳት እንዴ እያልኩ አዝንላት ነበር።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የዲኑ ጸሐፊ ቢሮውን ትከፍትላታለች። ያኔ ሞባይላችን ከአሶሳ ዳገት አልፎ ባሕር ማዶ የሚሻገር አልነበረም፤ ከናካቴው የሚጠፋበት ሳምንትም ነበር። በመስመር ስልኩ እናቷ ጋ ትደውልና የሳምንቱን ታነብላቸዋለች። አንብባ ስትጨርስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጭና ታዳምጣለች። አሮጊቷ "ጥሩ ነው" ብለዋት አያውቁም አሉ። "ሦስተኛው መስመር ይዋሻል" ይሏታል፤ እሷም ያችኑ ሦስተኛ መስመር ትሰርዛለች። እናቷ ሳይሰሙት ለኅትመት የበቃ አንድም ግጥም አልነበራትም።

እኔንና እሷን ያወዳጀን አንድ መጥፎ ግጥም ነው። የአገሬው የበርታ ሴቶች አግዳሚ እንጨት ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በሁለቱ ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው ወደ ገበያ ሲመጡ አይታ ጻፈች። ሚዛን ይመስላሉ ትላለች ግጥሟ። አነበበችልኝና ምን ይመስልሻል አለችኝ። ልጅነት አይፈራም፣ "ሚዛን አይመስሉም፤ ደክሟቸዋል" አልኳት። ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እርሳሷን ከፀጉሯ መዝዛ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። ተቆጣች ብዬ ስደነግጥ "አሁን ሁለት ሰው አገኘሁ፤ እናቴና አንቺ። እባክሽ አትዋሺኝ" አለችኝ። አልዋሽም አልኩ። ማንም እንዲህ ያለ አደራ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ወደ ማደሪያዬ ስሄድ መሬት አልረገጥኩም።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ጠመኔ ልወስድ ቢሮ ገባሁ። ስልኩ ጮኸ። ጸሐፊዋ አንስታ "ሀሎ" አለች፣ ሰማች፣ ደነገጠችና "ፈረንጅ ነው፤ ነይ አንቺ አናግሪው" ብላ እጄ ላይ ጣለችው። የወንድ ድምፅ ነው። የገጣሚዋ ወንድም ነኝ አለኝ። እናታቸው እሑድ ምሽት ወድቀው ሆስፒታል ገብተዋል፤ ሐኪሞቹ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው ያላቸው ብለዋል፤ አእምሯቸው ግን ደህና ነው፣ ልጃቸውን እየጠሩ ነው። አሁኑኑ ትደውል፣ ስልኩን እናታችን ጆሮ ላይ እናደርግላታለን አለ። ቁጥሩን ጠመኔ ካርቶኑ ላይ ጻፍኩት። "ገብቶሻል? ቶሎ" አለኝ። ገብቶኛል አልኩ፤ ስልኩን ዘግቼ ለጸሐፊዋ እናቷ በጠና ታመዋል አልኳት።

ሮጥኩ። ግቢው ጭቃ ነበር። ከክፍሉ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ትላለች፣ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ይከተሏታል። በረንዳው ላይ ልደርስ ስል ጸሐፊዋ ከኋላዬ ደርሳ ነጠላዬን ያዘችኝ። "አብደሻል? በሰው ፊት፣ ጠመኔ እንደያዘች ልታረጃት ነው? በሰው አገር፣ አንድ ዘመድ በሌላት?" አለችኝ። ያን ጊዜ የኔ እግር ቆመ። የሚያሳዝነው፣ የቆመው በግድ አይደለም። ልክ ናት ብዬ ነው።

ተመልሰን ስንነግረው ዲኑ ሁለት አንጋፋ መምህራን ጠርቶ በሩን ዘጋ። መልካም ሰው ነበር፤ የተማሪ ልጅ ሲታመም በገዛ ባጃጁ ክሊኒክ የሚያደርስ። "ሞቱ ነው ያለሽ?" አለኝ። አላለም፣ በጠና ታመዋል ነው ያለው አልኩ። መነጽሩን አወለቀ። "በቃ፣ አርፈዋል" አለ። ሁለቱ መምህራን ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሜ፣ እየጠሩ ነው ብሏል እኮ፣ ዛሬውኑ ትደውል ብሏል አልኩ። "ልጄ፣ ወንድም ለእህቱ መርዶ ሲልክ ምን ብሎ ይልካል? እናታችን ሞተች ብሎ ለማያውቃት ልጅ በስልክ ይናገራል? ታማለች ይላል እንጂ" አለኝ በርኅራኄ።

እኔም አመንኩት። እንዴት አላምነው? አያቴ ወሎ ሲሞት ለአባቴ የመጣለት ደብዳቤ "አባትህ ትንሽ አሞታልና ድረስ" ነበር የሚለው። አባቴ በጭነት መኪና ሦስት ቀን ተጉዞ ሲደርስ አርባው ሊወጣ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ የሩቅ ሰው ታመመ ከተባለ ተቀብሯል። እንግሊዝ አገር ያለ ሰው "ታማለች" ሲል ታማለች ማለቱ ሊሆን እንደሚችል በዚያች ክፍል ውስጥ ለማናችንም አልታሰበንም። ለሞተ ሰው ደግሞ ምን ያስቸኩላል? የሚያሳስበን ያለችው ነበረች።

ስለዚህ ወጉ ሁሉ ተዘጋጀ። ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የምትሠራ የአገሯ ልጅ የሆነች ነርስ ነበረች፤ መርዶው ሲነገራት የምታቅፋት ወገን ትኑር ተባለ። ለሚኒባስ ሾፌር መልእክት ተሰጠ። ነርሷም እንዳትደነግጥ ብለን "ለጉዳይ ትፈለጊያለሽ፣ ሐሙስ ማታ ድረሺ" ብቻ ነው ያልናት። ዓርብ ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እህል ሳትቀምስ እናረዳታለን። እስከዚያ ሁሉም አፉን ይዝጋ። ጠመኔ ካርቶኑን ዲኑ ከእጄ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ከቢሮው ስወጣ ዘበኛው በር ላይ ቁጭ ብሏል። የበርታ ሽማግሌ ነው፤ አማርኛው እንደ እኛ አልነበረም፣ እኛ ደግሞ እሱን ማሾፍ እንወድ ነበር። ፊቴን አይቶ "ያ ቢንት፣ ምን ሆነ?" አለኝ፤ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። ሹክ አልኩት። ሰማኝና "ሰውየው ሞተ አለ?" አለኝ። አላለም፣ እነሱ ናቸው ሞተዋል የሚሉት አልኩ። "አልሞተ ካለ አልሞተም። ሂድ ንገረው። ዛሬ ንገረው። እኛ ጋ ሰው ዛሬ ይሞታል፣ ዛሬ ይቀበራል፤ ወሬ የደበቀ ሰው ቀብር አይደርስም። ኸዋጃ ነው፣ ፈረንጅ ነው፣ ግን ልጅ ነው እሱም። እናቱ ነው።" ከሱ አፍ ሴትየዋ "እሱ" መሆኗ በዚያ ሰዓት እንኳ ሊያስቀኝ ዳዳው። ወጋችንን አያውቅም ብዬ አለፍኩት። በዚያ ግቢ ውስጥ የገባው ሰው እሱ ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ አማርኛውን እያረምኩ ነበር።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ገጣሚዋ በመስኮት ጠራችኝ። የምትኖረው ግቢው ውስጥ ባለው የመምህራን ቤት ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀቶቹ ተቆልለው፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ተጭኗቸዋል። ፊቷ በርቷል። "ጨረስኩት፤ ቁጭ በይ" አለችኝ። ስለ እናቷ ከጻፈቻቸው ሁሉ ረጅሙ ነው። አንድ ቀን ማታ እናቷ ሰሌዳ ሊያጠፉ ገብተው ግጥም ተጽፎ ያገኛሉ። ያነባሉ። ጨርቁን ያነሳሉ፣ መልሰው ያወርዳሉ። ሥራ ነውና ካላጠፉት ይቆጧቸዋል፤ እጃቸው ግን አልታዘዝ ይላቸዋል። በመጨረሻ የሳሙና ካርቶን ቀድደው፣ ከልጃቸው እርሳስ ተቀብለው፣ ቀስ እያሉ ይገለብጡታል፤ ከዚያ ሰሌዳውን ያጠፋሉ። ልጅቷ ጥግ ሆና ታያቸዋለች። እዚህ ላይ ያበቃል።

አለቀስኩ። መጀመሪያ ዝም ብዬ፣ ኋላ በድምፅ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። እሷ ብድግ ብላ መጣችና ጉንጬን በሁለት እጇ ያዘች፤ ትስቅ ነበር። "አለቀስሽ። አንቺ የማትዋሺው አለቀስሽ። እንግዲህ ደርሷል ማለት ነው" አለች። እሑድ ለእናቴ አነብላታለሁ አለች። አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከፍቼው ነበር። ግን ምን ብዬ ልጀምር? ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ ልበላት? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ። "ጥሩ ነው" አልኳት። እናቷ በሕይወታቸው ሙሉ ያላሏትን ቃል እኔ በአንድ ቀን አልኩላት።

ያን ቀን ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ቢሮው ውስጥ ጸሐፊዋና እኔ ብቻ ነን፤ ዲኑ ስብሰባ ወጥቷል። ሁለታችንም ማን እንደሆነ እናውቃለን። ጸሐፊዋ ታየኛለች፣ እኔ ስልኩን አያለሁ። ዝም ይላል፣ እፎይ እንላለን፣ እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ነጠላዋን አጣጥፋ ደረበችበት፤ የሚያለቅስ ሕፃን እንደምታባብል። ከነጠላው ሥር እየታፈነ ጮኸ። ሐሙስ ጠዋትም ጮኸ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን አልጮኸም። "ተመስገን፣ ተውን" አለች ጸሐፊዋ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሄድን። ዲኑ ከፊት፣ መምህራኑ ተከትለው፣ ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን። ማታውን የደረሰችው ነርስ እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይኗ መሀላችን ናት፤ ለምን እንደተጠራች የነገርኳት መንገድ ላይ ነው። "ታዲያ ደውላለች?" አለችኝ። አልደወለችም ስላት ቆመች፣ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን ዲኑ በሩን አንኳኩቶ ነበር። ገጣሚዋ ከፈተች። ነቅታ ትጽፍ ነበር። ያን ሁሉ ሰው በነጭ ልብስ ስታይ ፈገግ አለችና "ምን በዓል ነው ዛሬ?" አለችኝ።

ዲኑ ቃሉን አዘጋጅቶ ነበር። ሁላችንም መንገደኞች መሆናችንን፣ የማይቀር ዕዳ መሆኑን፣ እዚህም ቤተሰብ እንዳላት ተናገረ። እኔ ተረጎምኩ። ንግግሩ ሳያልቅ ጸሐፊዋ ደረቷን መታች። ገጣሚዋ አላለቀሰችም። "መቼ?" አለች። ማክሰኞ ነው መልእክቱ የመጣው አልኩ። "መልእክቱ ምን ይላል?" እንግዲህ የዲኑን ንግግር መተርጎም ቀረና የራሴን መናገር ጀመርኩ። ሳልጨርስ በመሀላችን ጥሳ ወጣች፤ በባዶ እግሯ በጭቃው ሮጠች። ዘበኛው ቀድሞ ቢሮውን ከፍቶላት ነበር።

ለወንድሟ ስትደውል በረንዳው ላይ ቆመን ሰማናት። ብዙ አልተናገረችም። አሮጊቷ የሞቱት በዋዜማው ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። እስከ ሐሙስ ጠዋት ይናገሩ ነበር። ስልኩን ትራሳቸው ላይ አድርገውላቸው ሁለት ቀን ጠብቀዋል። እኛ ሞተዋል ብለን ስናለቅስላቸው በሕይወት ነበሩ፤ መርዶ ይዘን ስንሄድ ደግሞ መርዶው እውነት ሆኖ ጠበቀን። ለዲኑ ስነግረው "ትናንት?" አለና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ለማንም መርዶ አልሄደም፤ ሲጠሩት ያመኛል ይል ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ እኛ ያለባበስነው በፍቅር ነበር፣ አረሙ ግን ያው አረም ነው።

ስትወጣ እኔ ፊት ቆመች። "ማክሰኞ ታውቂ ነበር?" አለችኝ። አዎ አልኩ። "ረቡዕ ያለቀስሽው በግጥሙ አልነበረም።" ጥያቄ አልነበረም፣ ነገረችኝ። አልነበረም አልኩ። የገባሁላትን ቃል የጠበቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ብዋሽ ይሻል ነበር። ራሷን ነቀነቀችና አልፋኝ ሄደች።

አውሮፕላኑ ቅዳሜ ነበር። ዲኑ በተቋሙ መኪና ሲሸኛት እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ማንም ተከተይ አላለኝም፣ ማንም ውረጂ አላለኝም። ገጣሚዋ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ስታይ ቆይታ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ልንደርስ ስንል ዞራ ሳታየኝ "ወንድሜ ያለሽን ሁሉ ንገሪኝ፤ ቃል ሳታስቀሪ" አለችኝ። ነገርኳት። ለዲኑም፣ ለማንም ያልነገርኩትን ጭምር፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንቺ የመጣሽ መስሏቸው ቀና ይላሉ፣ ሩቅ መሆንሽን እያወቁ እንኳ ቀና ይላሉ ነበር ያለኝ። "ቀና ይላሉ?" አለች። አዎ አልኩ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

እሷ ከሄደች በኋላ እኛ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። በራሷ ቤት፣ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ባለ ሐዘኗ በሌለችበት። የሰፈሩ ሰው ንፍሮ እየያዘ መጣ፣ የበርታ ጎረቤቶችም መጥተው ዱዓ አደረጉ። የሚጽናና ሰው ስላልነበረ እርስ በርሳችን ተጽናናን። ነርሷ ወረቀቶቿን ከጠረጴዛው ሰብስባ በፖስታ አሽጋ ላከችላት።

መጽሐፉ አልወጣም። ዛሬ ይሄን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ ስልኬ ላይ ኢንተርኔት ከገባልኝ ጀምሮ ስሟን በየጊዜው እየጻፍኩ እፈልጋለሁ። አራት መጻሕፍት ያላት ገጣሚ ይላል። ሁልጊዜ አራት ነው የሚለው። ማን ነው አምስተኛውን የቀበረው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢኖር መልሱ እኔ ጋ ነው። ስልኬን በመጀመሪያው ጥሪ የማነሳው ለዚህ ነው፤ ባሌ የስልክ ቤት ሠራተኛ መሰልሽ እያለ ይስቅብኛል፣ አልቆጣውም። ምን ይጠቅማል ግን? እኔን የሚፈልገኝ ያ ስልክ አንድ ጊዜ ጮኾ አልፏል።

በሁለተኛው ዓመት ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩላት፤ አድራሻዋን ከነርሷ ተቀብዬ። ወጋችንን አስረዳሁ፣ የአያቴን ታሪክ ነገርኳት፣ ክፋት እንዳልነበረው ማልኩ። መልሱ ከብዙ ወር በኋላ መጣ፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ አንድም ስርዝ የሌለበት። ስለ ጤናዬና ስለ ትምህርቴ ከጠየቀችኝ በኋላ እንዲህ ይላል፦ "ያደረጋችሁት በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። በክፋት ቢሆን ኖሮ እጽፈው ነበር።"

ከዚያ በኋላ አልጻፈችም፤ ለእኔ ደብዳቤ፣ ለማንም ግጥም።